ፓሪስ በምሳ ሰዓት፦ ስድስት ቀን በባለኮከብ ማዕድ፣ በልክ ገንዘብ

ፓሪስ ውስጥ አንድ የሚሽለን ኮከብ (ሚሽለን የተባለው የምግብ ቤቶች መመሪያ የሚሰጠው ደረጃ) ያለው ምግብ ቤት ማታ ለአንድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 180 ዩሮ ይጠይቃል። ያው ቤት፣ ያው ሼፍ፣ ያው ምድጃ በምሳ ሰዓት ከ50 እስከ 95 ዩሮ ባለ ዋጋ ያበላል። የሚቀነሰው የሳህኑ ብዛት ነው፤ ማታ ሰባት ወይም ስምንት የነበረው ቀን ላይ አራት ወይም አምስት ይሆናል። ኪራዩና የሠራተኛው ደመወዝ ቀንም ማታም ይከፈላል። የማታው ወንበር ከሳምንታት በፊት ይያዛል፤ የቀኑን ወንበር ግን የሰፈሩ የቢሮ ሠራተኛ በማታው ዋጋ አይቀመጥበትም። ባዶ ከሚውል በቅናሽ ቢሞላ ይሻላል ብለው ዋጋውን ያወርዱታል። በትንሽ ገንዘብ ፓሪስን በደንብ መብላት የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ሳምንቱን በምሳ ዙሪያ ያቅዳል፤ እራቱን ቀለል ያደርጋል።

ሌላው መመሪያ እጅን መከተል ነው። በዚህች ከተማ ታላላቅ ወጥ ቤቶች ያሠለጠኗቸው ሰዎች ወጥተው የራሳቸውን ትንሽ ቤት ይከፍታሉ። ችሎታው አብሯቸው ይወጣል፤ ለአልማዝ መሰሉ መብራት፣ ለብር ሹካውና ለመኪና አቁሚው የሚከፈለው ግን እዚያው ይቀራል። ከታች የተጻፈው የስድስት ቀን ጉዞ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ የቆመ ነው። ዋጋው የ2025 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)፤ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ቦታ ስታስይዙ ግን ስክሪኑ ላይ የምታዩት ስድስት ሰዓት 12:00 ተብሎ ነው።

ከመነሣታችሁ በፊት

ትልቁ ሥራ የሚሠራው ቤት ተቀምጦ ነው። ተፈላጊ ቤቶች ወንበራቸውን የሚለቁት በተወሰነ ቀንና ሰዓት ነው፤ አንዳንዱ ከሦስት ሳምንት፣ አንዳንዱ ከወር በፊት። ሰዓቱ የፓሪስ ሰዓት መሆኑን አትርሱ። ሁሉም ተይዟል የሚል መልስ ካገኛችሁ የተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ግቡ። ያስያዘ ሰው ያለ ቅጣት መሰረዝ የሚችለው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 48 ወይም 24 ሰዓት ድረስ ስለሆነ፣ ከምሳው ሁለት ቀንና አንድ ቀን በፊት ወንበር ይለቀቃል።

ስታስይዙ የባንክ ካርድ ቁጥር ይጠየቃል። ገንዘቡ ወዲያው አይቆረጥም፤ ሳትሰርዙ ከቀራችሁ ግን በውሉ ላይ የተጻፈው ቅጣት ይወሰዳል፣ እሱም አንዳንዴ የምሳውን ሙሉ ዋጋ ያህላል። ካርዱ በኢንተርኔት ለመክፈልና ከአገር ውጭ ለመጠቀም የተከፈተ መሆኑን አስቀድማችሁ ባንካችሁን ጠይቁ። ብዙ ሰው ወንበር የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፤ የማረጋገጫው ኮድ ወደ ስልክ እስኪመጣ ድረስ ጠረጴዛው ለሌላ ሰው ይሄዳል።

የማትበሉት ነገር ካለ የሚነገረው በማስያዣው ቅጽ ላይ ነው። የተወሰነ ሜኑ ያለው ቤት ዕቃውን የሚገዛው በእንግዳው ልክ ስለሆነ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣችሁ ብትናገሩ ያለ ምትክ ሳህን ሊያልፋችሁ ይችላል። ደግሞም ነሐሴ ወር ላይ አትሂዱ፤ ጥሩ ጥሩ ቤቶች ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ይዘጋሉ። ግንቦት ውስጥ የሕዝብ በዓላት ይበዛሉ፣ በበዓል ቀን ደግሞ የምሳ ቅናሽ አይሠራም።

ሰኞ፦ መድረሻና ቡዮን

ሰኞ መድረስ ሁለት ጥቅም አለው። ናቪጎ የሚባለው ሳምንታዊ የትራንስፖርት ካርድ ከሰኞ እስከ እሑድ ነው የሚያገለግለው፤ በሳምንቱ መካከል ብትገዙትም እሑድ ሌሊት ያልቃል። ዋጋው 31.60 ዩሮ ሲሆን የፕላስቲኩ ካርድ 5 ዩሮ ለብቻው ይከፈልበታል፤ ትንሽ ጉርድ ፎቶግራፍም ይለጠፍበታል። ከሻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያ በባቡር ለመግባት ብቻ 13 ዩሮ ስለሚጠየቅ ደርሶ መልሱ 26 ነው፤ ከተማ ውስጥ ባለ 2.50 ዩሮ ትኬት የሚከፈልበትን ጉዞ አምስቴ ብትሳፈሩ ካርዱ ከነፕላስቲኩ ዋጋውን መልሷል። ፎቶውን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ ጣቢያው ውስጥ ያለው የፎቶ ማሽን ተጨማሪ ወጪ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ሰኞ ብዙ ታላላቅ ቤቶች ዝግ መሆናቸው ነው፤ ቀኑን ለመንገድ መስጠት አያስቆጭም። እራቱ ቡዮን ነው። ቡዮን ማለት መረቅ ነው፤ ዱቫል የተባለ ሥጋ ሻጭ በ1850ዎቹ የገበያ ሠራተኞችን በሥጋ መረቅና በቅቅል ማብላት ጀመረ፣ ስሙም ለዚህ ዓይነት ምግብ ቤት ቀረ። ዛሬ ድረስ ከቆሙት ውስጥ ቡዮን ሻርትዬ በ1896 የተከፈተ ነው፤ ግራን ቡልቫር ሜትሮ ወርዳችሁ ፎቡር ሞንማርትር መንገድ ላይ ታገኙታላችሁ። የቀድሞ ደንበኞች ፎጣቸውን ያስቀምጡባቸው የነበሩ ቁጥር ያላቸው ትንንሽ መሳቢያዎች እስካሁን ግድግዳው ላይ አሉ። አስተናጋጁ ሒሳባችሁን የሚጽፈው ጠረጴዛው ላይ በተነጠፈው ወረቀት ላይ ነው።

ቦታ አይያዝም፤ ሰልፍ ነው። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ወይም ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ከሄዳችሁ ሰልፉ ያጥራል። ሁለት ከሆናችሁ ከማታውቁት ሰው ጋር ትቀመጣላችሁ። እንቁላል በማዮኔዝ፣ አንድ ዋና ምግብና ጣፋጭ አዝዛችሁ በ20 ዩሮ አካባቢ ትወጣላችሁ። ይህ ባለኮከብ ምግብ አይደለም፤ ከፍ ካሉት ቤቶች በፊት ግን የፈረንሳይን መሠረታዊ ጣዕም ማወቅ ይጠቅማል። ሐሙስ ዕለት ሼፉ ምኑን እንደለወጠው የሚገባችሁ የተለመደውን ከቀመሳችሁ ነው።

ለእኛ ሰው ማስጠንቀቂያ፦ በወይን የተቀቀለው የበሬ ሥጋ፣ ቡርጊኞን የሚባለው፣ የአሳማ ስብ ይገባበታል። የዳክዬው እግር የሚበስለው ግን በራሱ በዳክዬው ስብ ነው።

ማክሰኞ፦ ተማሪዎቹ የሚያበስሉበት ጠረጴዛ

ፌራንዲ በ1920 የተመሠረተ የምግብ ሥራ ትምህርት ቤት ነው፤ ከፈረንሳይ ታላላቅ ወጥ ቤቶች ውስጥ ከዚህ ተመርቀው የገቡ ብዙ ናቸው። ስድስተኛው ወረዳ ውስጥ አቤ ግሬግዋር መንገድ ላይ ባለው ግቢ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ሁለት ምግብ ቤቶች አሉት፤ ለ ፕርምዬና ለ ቫንትዊት። የሚያበስሉትም የሚያስተናግዱትም ተማሪዎች ናቸው፤ ከኋላቸው ግን በትልልቅ ቤቶች የሠሩ መምህራን እያንዳንዱን ሳህን አይተው ነው የሚያሳልፉት። ምሳው እንደ ቤቱ ከ30 እስከ 50 ዩሮ ነው። ሶሱ፣ አቆራረጡ፣ የጠረጴዛው ሥርዓት ሌላ ቦታ በእጥፍ የሚከፈልበት ነው። በእኛ ግምት ፓሪስ ውስጥ ከዚህ የተሻለ የገንዘብና የጥራት ሚዛን አይገኝም።

ችግሩ የቀን መቁጠሪያው ነው። የሚሠራው በትምህርት ቀናት ብቻ ስለሆነ ትምህርት ቤቱ ዕረፍት ሲወጣ ምግብ ቤቱም ይዘጋል፤ የአውሮፕላን ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ተመልከቱ። እንግዳው ሁሉ በአንድ ጊዜ አካባቢ ይቀመጣል፣ ምክንያቱም ምሳው ትምህርት ነው፤ ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ የመጀመሪያው ሳህን አልፏል። አገልግሎቱም ዝግ ይላል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል መድቡለት። ተማሪው ዓሣውን ጠረጴዛችሁ ላይ ሲያፀዳ እጁ ቢንቀጠቀጥ ታገሡት።

ከዚያ በእግር የሚደረስበት ሼርሽ ሚዲ መንገድ ቁጥር 8 ላይ ፕዋላን የሚባለው ዳቦ ቤት አለ፤ ከ1932 ጀምሮ እዚያው ነው። ክቡ የእርሾ ዳቦ ሁለት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሩቡን ብቻ መግዛት ይቻላል። በሚቀጥለው አይብ ቤት 150 ግራም ኮምቴ፣ 18 ወር የቆየውን፣ ጠይቁ። ዳቦውና አይቡ ከአንድ ፍሬ ፍራፍሬ ጋር የማክሰኞ እራት ነው፤ 12 ዩሮ አይበልጥም።

ረቡዕ፦ ጾም

ፓሪስ የቅቤ ከተማ ናት። ሾርባው በቅቤ ይቁላላል፣ አትክልቱ በቅቤ ይለሰልሳል፣ ዓሣውም መጨረሻ ላይ ቅቤ ይፈስበታል። ስለዚህ «ቬጀታሪየን» ማለት ለጾመኛ አይበቃም፤ እንቁላልና ወተት ይገባበታል። የሚባለው «ቬጋን» ወይም «ቬጀታልየን» ነው። ሌላም ነገር አለ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የፓሪስ ምሳ ያልፈዋል፣ ወጥ ቤቱ ከስምንት ሰዓት በኋላ ትእዛዝ አይቀበልም፣ እራት የሚጀምረው ደግሞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በመካከል ያለውን ሰዓት የሚያሻግረው ዳቦ ቤት ነው።

እዚህ ላይ ሕጉ ያግዛችኋል። በ1993 የወጣው ደንብ «ትራዲስዮን» የሚባለው ባጌት (ረጅሙ ቀጭን ዳቦ) ያለ ተጨማሪ ኬሚካል፣ ሊጡ በረዶ እስኪሆን ሳይቀዘቅዝ፣ ከስንዴ ዱቄት፣ ከውሃ፣ ከጨውና ከእርሾ ብቻ እንዲሠራ ያዛል፤ የሚፈቀደው ተጨማሪ እስከ 2 በመቶ የባቄላ ዱቄት፣ ጥቂት የአኩሪ አተር ዱቄትና ጥቂት ብቅል ነው። ከዚህ በላይ የጾም ዳቦ የለም። ተራው «ባጌት» ግን ይህ ጥበቃ የለውም፤ «ትራዲስዮን» ብላችሁ ጠይቁ፣ ከ1.20 እስከ 1.50 ዩሮ ነው። ከተማዋ በየዓመቱ ምርጡን ትመርጣለች፤ አሸናፊው 4000 ዩሮ ያገኛል፣ ለአንድ ዓመትም የፕሬዚዳንቱን ቤተ መንግሥት ዳቦ ያቀርባል። የአሸናፊው ዳቦ ግን ለእናንተም በዚያው ዋጋ ነው የሚሸጠው።

በዚህ ቀን ሊነሣ የሚገባው ቤት አርፔዥ ነው። አሌን ፓሳር በ1986 ገዛው፤ ከ1996 ጀምሮ ሦስት ኮከብ አለው። በ2001 ቀይ ሥጋን ከሜኑው አወጣ፣ በ2025 ደግሞ ከእንስሳ የሚገኘውን ሁሉ አስቀረ፤ የቀረው ከራሱ ቀፎ የሚቆረጠው ማር ብቻ ነው። ማር በእኛ ዘንድ ከፍስክ ስለማይቆጠር ይህ ጾመኛ ያለ ሐሳብ የሚቀመጥበት ባለ ሦስት ኮከብ ጠረጴዛ ነው። ምሳው 260፣ እራቱ 420 ዩሮ ነው። እዚህም ምሳና እራት ምን ያህል እንደሚራራቁ ታያላችሁ፤ ለዚህ ጉዞ ግን ዋጋው ከአቅም በላይ ነው። ስሙን ያዙት፣ ነገ ይመለሳል።

ረቡዕ ከ15 ዩሮ በላይ አታውጡ። ጠዋት ፕሬዚዳን ዊልሶን ጎዳና ላይ የሚቆመው ገበያ ረቡዕና ቅዳሜ ነው፤ ምግብ ቤቶቹ የሚጠቀሙበትን ዓይነት አትክልትና ፍራፍሬ በቁና ሳይሆን በፍሬ ይሸጡላችኋል። ፍራፍሬውን ራሳችሁ አትንኩ፤ ለዛሬ ወይስ ለነገ እንደሆነ ንገሩት፣ ሻጩ የብስለቱን ልክ ይመርጥላችኋል።

ሐሙስ፦ ኮከቡ

ቤርትራን ግሬቦ አርፔዥ ውስጥ በፓሳር ሥር የሠራ ሼፍ ነው። በ2011 ሻሮን መንገድ ቁጥር 80 ላይ ሴፕቲም የሚባለውን ቤት ከአንድ ባልደረባው ጋር ከፈተ፤ ጠረጴዛው ባዶ እንጨት፣ ጨርቅ የሌለው። በ2014 ኮከብ አገኘ። ከአርፔዥ የወጣውን የአትክልት ዕውቀት ከአርፔዥ ዋጋ በጣም ባነሰ የምትቀምሱት እዚህ ነው። ወንበሩ የሚለቀቀው ልክ ከሦስት ሳምንት በፊት ጠዋት አራት ሰዓት (10:00) ላይ በድረ ገጹ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ሁለት ሰው በሁለት ስልክ ይሞክር፣ ለአንዱ ሲሳካ ሌላው ያቁም። ካልተሳካ ጎረቤቱ ክላማቶ የእነዚያው ሰዎች ነው፣ ቦታም አይያዝም፤ የባሕር ምግብ ቤት ስለሆነ ግን ዛጎል ያለውን የማይበላ ሰው ምርጫው ይጠብበታል። ያኔ በሚሽለን ዝርዝር ላይ «አንድ ኮከብ» እና «ምሳ» ብላችሁ ሌላ ፈልጉ፤ ከ50 እስከ 95 ዩሮ የሚያበሉ በርካታ አሉ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በጀት የሚፈርሰው በምግቡ አይደለም። ለሁለት ሰው 75 ዩሮ የሆነ ምሳ 150 ነው። እንደተቀመጣችሁ «ሻምፓኝ ልጀምርላችሁ?» ይባላል፤ ሁለት ብርጭቆ በ25፣ 50 ዩሮ። «ውሃ የቱን?» ይባላል፤ አንድ ጠርሙስ 10። ሁለት ብርጭቆ ወይን በ18፣ 36። መጨረሻ ላይ ሁለት ቡና በ8፣ 16። ድምሩ 262 ይሆናል፤ ሳህኑ ላይ የመጣው ግን አሁንም 150 ዩሮ ያለው ነው።

ማምለጫው ቀላል ነው፣ ነውርም የለበትም። «ዩን ካራፍ ዶ፣ ሲል ቩ ፕሌ» በሉ፤ የቧንቧ ውሃ በነፃ መስጠት ግዴታቸው ነው፣ ሜኑ ላይም መጻፍ አለበት። ዳቦው ነፃ ነው። መጀመሪያ የሚመጡት ትንንሽ ጉርሻዎችና መጨረሻ ላይ የሚመጡት ጣፋጮች በሜኑው ዋጋ ውስጥ ናቸው፤ «ይህን አላዘዝንም» ብላችሁ አትመልሱ። የሚከፈልበት ተጨማሪ ሜኑው ላይ «ሱፕሌማን» ተብሎ ከነዋጋው ይጻፋል፤ ትራፍል የሚባለው ውድ እንጉዳይና የአይብ ጋሪው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ውስጥ ናቸው። ወይን የሚጠጣ አንድ ብርጭቆ ከዋናው ምግብ ጋር ይዘዝ፤ በጀቱን ለወይን አዋቂው በግልጽ መናገር እዚያ የተለመደ ነው። ቡናውን ውጪ ጥግ ላይ ባለ ካፌ ባንኮኒ ላይ ቆማችሁ ጠጡ፤ ቆሞ የሚጠጣው ከተቀምጦው ይረክሳል።

ታክስና የአገልግሎት ክፍያ በዋጋው ውስጥ ነው። ቲፕ ግዴታ የለም፤ ደስ ካላችሁ ጥቂት ሳንቲም ትታችሁ ተነሡ። የካርድ ማሽኑ በዩሮ ወይስ በአገራችሁ ገንዘብ ብሎ ከጠየቀ ዩሮን ምረጡ፤ ሌላኛው በማሽኑ ባለቤት ምንዛሪ ስለሚሰላ ይወደዳል። ለልብስ ንጹሕ ሱሪና ሸሚዝ ይበቃል፤ ቁምጣና የስፖርት ጫማ አይሁን። ከ15 ደቂቃ በላይ ከዘገያችሁ ደውሉ፣ ጠረጴዛው ሊሰጥ ይችላል። ሙዚየም ከአሥር ሰዓት በፊት አትያዙ።

ዓርብ፦ ቢስትሮ

ኢቭ ካምድቦርድ ክሪዮን ሆቴል ውስጥ በክርስቲያን ኮንስታን ሥር የሠራ ሼፍ ነበር። በ1992 ወጥቶ ከከተማው ዳር፣ 14ኛው ወረዳ፣ ላ ሬጋላድ የሚባል ትንሽ ቢስትሮ (ቀለል ያለ የሰፈር ምግብ ቤት) ከፈተ፤ የቅንጡ ሆቴል ችሎታ በሰፈር ዋጋ። ብዙዎች ተከተሉት፣ በ2004 ደግሞ ነገሩ «ቢስትሮኖሚ» የሚል ስም አገኘ። ዛሬ ይህን ዓይነት ቤት ለማግኘት አቋራጩ የሚሽለን «ቢብ ጉርማን» ምልክት ነው፤ በ1997 የተጀመረው ከኮከብ በታች ሆነው በተመጣጣኝ ዋጋ ጥሩ ለሚያበሉ ቤቶች ነው።

ምሳው ከ25 እስከ 35 ዩሮ ነው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ፎርሙል» የተባለው ሁለት ሳህን ነው፣ «ሜኑ» የተባለው ሦስት። «አንትሬ» መክፈቻው፣ «ፕላ» ዋናው ነው። ሰሌዳው ላይ የዓሣና የሥጋ ምርጫ ሁለት ሦስት ብቻ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው፤ በአራት ቋንቋ ከነፎቶው የተዘረጋ ሜኑ ካያችሁ እለፉ።

የአሳማ ሥጋ በብዙ ስም ይመጣል፦ ፖር፣ ላር፣ ላርዶን፣ ዣምቦን፣ ቡዳን፣ ኮሾን። ላፓን ጥንቸል ነው፣ ኤስካርጎ ቀንድ አውጣ። ስጋት ካላችሁ «ሳን ፖር?» ብላችሁ ጠይቁ። ሥጋው እንዴት ይብሰልልሽ፣ ይብሰልልህ ሲባል «ብሉ» ለብለብ፣ «ሴንያን» ውስጡ ደም ያለው፣ «አ ፕዋን» መካከለኛ፣ «ብየን ኩዊ» በደንብ የበሰለ ነው፤ የፈረንሳይ መካከለኛ ከምትጠብቁት ይልቅ ቀይ ስለሆነ ያልለመደ ሰው አንድ ደረጃ ከፍ ያድርግ። ክትፎ ለሚወድ ግን ታርታር አለ፤ የተከተፈ ጥሬ የበሬ ሥጋ በሰናፍጭ፣ በሽንኩርትና በእንቁላል አስኳል ነው፤ ሚጥሚጣና ንጥር ቅቤ ስለሌለው ጣዕሙ ኮምጠጥ ይላል።

ዓርብን የሚጾም ሰው ይህን ምሳ ወደ ማክሰኞ ማታ ይውሰደው፤ ዋጋው ከ10 እስከ 15 ዩሮ ይጨምርበታል።

ቅዳሜ፦ ገበያና ጣፋጭ

ቅዳሜ ቅናሽ ምሳ የሚያቀርብ ቤት ጥቂት ነው፤ ቀኑን ለባለ ሱቆቹ ስጡት። ፈረንሳይ ውስጥ ከ1924 ጀምሮ የሚካሄድ የእጅ ባለሙያዎች ውድድር አለ፤ ያሸነፈ ሰው ሰማያዊ፣ ነጭና ቀይ አንገትጌ የመልበስ መብት አለው፣ «ሜዬር ኡቭሪዬ ደ ፍራንስ» ተብሎም ይጠራል። በዳቦ፣ በአይብ፣ በኬክ፣ በቸኮሌት ሥራ ይህ ማዕረግ ያላቸው ሰዎች ፓሪስ ውስጥ ሱቅ አላቸው፤ መስታወቱ ላይ ተጽፎ ታዩታላችሁ። በምግብ ቤት 100 ዩሮ የሚከፈልበት ደረጃ ያለው እጅ እዚህ በአንድ ኬክ ከ6 እስከ 9 ዩሮ ይገኛል። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት የተሻለው ያልቃል። የሚያብረቀርቅና ለስላሳ ሙስ (አረፋ መሰል ክሬም) ያለበት ኬክ ብዙ ጊዜ ጄላቲን አለው፣ ጄላቲኑም ከአሳማ ሊሆን ስለሚችል ጠይቁ፤ የቅቤ ሊጥ ላይ የተጋገረ የፍራፍሬ ታርት ስጋቱ ያንሳል።

ከዚያ አሊግር ገበያ፤ ሌድሩ ሮላን ሜትሮ ቅርብ ነው። ገበያው ሊዘጋ ሲቃረብ ውጪ ያሉት ነጋዴዎች ዕቃ ላለመመለስ ዋጋ ይጥላሉ። ለቀኑ 25 ዩሮ መድቡ።

እስካሁን ለአንድ ሰው የሰኞ 20፣ የማክሰኞ 52፣ የረቡዕ 15፣ የሐሙስ 80፣ የዓርብ 32፣ የቅዳሜ 25፤ ከትራንስፖርቱ 36.60 ጋር 260.60 ዩሮ። ቁርስና ቀላል እራት ለየብቻ ነው። ከረቡዕ ዕለት የአርፔዥ አንድ ምሳ ጋር አስተያዩት።

አይብ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ «ሱ ቪድ» ብላችሁ አየሩ ወጥቶ እንዲታሸግ ጠይቁ፤ ብዙ አይብ ቤቶች በነፃ ያደርጉታል። ለስላሳው አይብ በፍተሻ ላይ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አያልፍም፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክተቱት። ጠንካራው ኮምቴ በእጅም ያልፋል። ናቪጎው እሑድ ሌሊት ድረስ ይሠራልና ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደውን ባቡር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ትሳፈራላችሁ።